ኩላሊቱን ብቻ ጠይቃችሁ አትለፉን
ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች ለምታገለግሉ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች
ይድረስ፦ በየሰፈሩ ላላችሁ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች
ይድረስ፦ ኩላሊት ለተተከለላችሁ ወገኖቼና ለቤተሰቦቻችሁ

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከአያት አልፎ ካለው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። በጥር 2011 ዓ.ም. ግራ ኩላሊቴን ለታላቅ ወንድሜ ሰጠሁ። ወንድም ጋሼ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በ43 ዓመቱ ዐረፈ። የገደለው ኩላሊቱ አይደለም። የመጨረሻዋን ሌሊት አብሮት ያደረው ሐኪም በኮሪደሩ ላይ ቆሞ «ኩላሊቱ እስከ መጨረሻው ሲሠራ ነበር፤ የከዳው ልቡ ነው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ምን እንደሚለኝ እንኳ አልገባኝም ነበር።

ወንድም ጋሼ ከእኔ የወሰዳትን ኩላሊት «እንግዳዋ» ነበር የሚላት። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ደውዬ «እንግዳዋ እንዴት አደረች?» እለዋለሁ። «ተመስገን፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አደረች» ይለኛል። አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር እንዲህ ተጠያየቅን። እናታችን የምትጠይቀው ስለ ኩላሊቱ ነው፤ ጎረቤት የሚጠይቀው ስለ ኩላሊቱ ነው፤ በቀጠሮ ቀን የላቦራቶሪ ወረቀቱን የሚቀበለው ባለሙያም ዐይኑ የሚያርፈው ኩላሊቱ ላይ ነው። «ልብህስ?» ያለው ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩትም። በየዓመቱ ልብን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ፣ አራቱን ክፍሎች ለልጆች እያስቆጠርኩ፣ ወንድሜን አንድ ቀን እንኳ ስለ ልቡ አልጠየቅኩትም።

የሰጠሁትን በመስጠቴ አልተጸጸትኩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም ደብዳቤዬን አንብቦ ከንቅለ ተከላ የሚሸሽ ሰው እንዲኖር አልፈልግም። ወንድሜ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት የኩላሊት እጥበት ላይ ነበር። በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ ሲገባው ገንዘቡ ስለማይበቃን ሁለት ጊዜ ብቻ ይታጠብ ነበር። በመሃል ያሉትን ቀናት እንዴት እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ፤ ውኃ እየጠማው በጥጥ ከንፈሩን እያረሰ፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ እያጠረው ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ሲያድር አይቻለሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በአሜሪካ የወጣ ሰፊ ጥናት፣ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች በረዥም ጊዜ የሚሞቱበት መጠን ተራ እየጠበቁ እጥበት ላይ ከቀሩት ከ48 እስከ 82 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ንቅለ ተከላ ልብንም ቢሆን ከእጥበት ይልቅ ይታደጋል። ነገር ግን የተተከለለት ሰው ልብ ተመልሶ እንደ ጤነኛ ሰው ልብ አይሆንም። ኩላሊታቸው እየሠራ ለሚሞቱ ሰዎች ሞት ዋና ዋና ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ይህን ያወቅኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። ማወቅ የነበረብኝ ሕንድ አገር ለቀዶ ሕክምና ጎን ለጎን በተኛንባት ቀን ነበር።

ከሕንድ ስንመለስ ወንድም ጋሼ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዛና በማስመሪያ ዐምዶች አሰመረበት። ደብተሩ አሁን ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ዐምድ ቀን ነው፤ ሁለተኛው የጠጣው ውኃ፣ ሦስተኛው የሽንቱ መጠን፣ አራተኛው ክሬቲኒን (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየው የደም ምርመራ)፣ አምስተኛው የደም ግፊት፣ ስድስተኛው ክብደት። ክሬቲኒኑን በቀይ እስክሪብቶ ነው የሚጽፈው፦ 1.2፣ 1.1፣ 1.2፣ 1.3። ከዳር እስከ ዳር አንድም ቦታ አልተዘለለም፤ የመጨረሻው ከመሞቱ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት የተጻፈ ሲሆን 1.2 ይላል። የደም ግፊቱ ዐምድ በ128/82 ይጀምራል። በስድስተኛው ወር 138/88 ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ቀጠሮዎች ሲራራቁ 146/94፣ ከዚያ 152/96 ይላል። ቀጥሎ ባዶ ነው። የቤት ውስጥ መለኪያው ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ተቀድዶ አየር ማስወጣት ጀመረ፤ «ሌላ እንገዛለን» ተባባልን፤ አልገዛንም። ክሬቲኒኑ ጥሩ ስለነበረ ሁሉም ነገር ጥሩ መሰለን። ለስኳር የሚሆን ዐምድ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

የክብደቱ ዐምድ በ58 ኪሎ ጀምሮ በ81 ያበቃል። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህ የሁላችንም ጥፋት ነው። በእኛ አገር ሰው ከበሽታ ሲነሣ መወፈሩ የመዳኑ ምስክር ነው። ወንድም ጋሼ ከተከላው በኋላ በሚወስደው ፕሬድኒሶሎን በሚባል መድኃኒት ፊቱ ሲሞላ፣ ጉንጩ ሲከብብ፣ የእድራችን ሰዎች «ተመስገን፣ አማረብህ! ሰው ሆንክ!» ይሉት ነበር። እጥበት ላይ እያለ ስንት ነገር ተከልክሎ የነበረ ሰው ነው፤ ሙዝ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ከልክ ያለፈ ውኃ። ያ ክልከላ ሲላላለት እናታችን የሁለት ዓመቱን ጦም በአንድ ጊዜ ልታስገድፈው ተነሣች። ቅቤ ያልገባበት ወጥ አታቀርብለትም። ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጅ አንድ ጊዜ ጨው ይገባበታል፣ ሲሠራ ሌላ ጊዜ፣ ገበታ ላይ ደግሞ «ጨው አነሰው» እየተባለ ይነሰነስበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው፣ እሱም በእንጀራውም በዳቦውም በወጡም ያለው ተደምሮ። ክፋት ያለበት ሰው አልነበረም። ሁሉም ያጎረሰው በፍቅር ነው።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በማውቀው ቋንቋ ልንገራችሁ። ኩላሊት ሲደክም ልብ አብሮ ይጎዳል። የሚጠራቀመው ፈሳሽ፣ ከፍ ያለው ግፊትና የደም ማነሱ ተደራርበው ግራውን የልብ ክፍል ግድግዳ ያወፍሩታል፤ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ካልሲየም እየተጋገረ ያደርቃቸዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከተከላው በፊት ነው። አዲሱ ኩላሊት ሲገባ ደሙን ያጠራል እንጂ ለዓመታት የደረቀውን ደም ሥር መልሶ አያለሰልሰውም። በዚያ ላይ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይገፋው የሚሰጡት መድኃኒቶች አሉ። ያለ እነርሱ ኩላሊቱ አይቆይም፤ ማንም በራሱ ፈቃድ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳይቀንስ እለምናለሁ። ግን ዕዳ አላቸው። ታክሮሊመስ የደም ግፊትንም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። ፕሬድኒሶሎን ክብደትን፣ ስኳርን፣ ግፊትንና የደም ቅባትን ይጨምራል። ሳይክሎስፖሪን የሚወስዱም ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው ይጨምራል። ስኳር በሕይወቱ ያልነካው ሰው ከተከላ በኋላ የስኳር ሕመምተኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። የታመሙት የራሱ ኩላሊቶችም አብዛኛውን ጊዜ አይወጡም፤ እዚያው ጀርባው ላይ ይቀራሉ፣ ሥራቸውን ትተው ግፊት የሚጨምር ቅመም መርጨታቸውን ግን ላያቆሙ ይችላሉ።

ሌላም አለ። ወንድም ጋሼ በግራ ክንዱ ላይ ለእጥበት የተሠራለት ፊስቱላ ነበረው፤ ደም ወሳጁና ደም መላሹ የተገናኙበት፣ ጣት ሲያርፍበት እንደ ድመት ደረት የሚያጉረመርም። እጥበቱ ካበቃ በኋላም ለአራት ዓመት ሲያጉረመርም ኖረ። ልጆቼ ጆሯቸውን ለጥፈው ያዳምጡት ነበር። በዚያ መንገድ የሚያልፈው ደም ለልብ ተጨማሪ ሸክም መሆኑን፣ በአውስትራሊያ የተደረገና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የወጣ ጥናት ተከላቸው በተሳካ ሰዎች ላይ ፊስቱላውን መዝጋት የወፈረውን የልብ ግድግዳ እንደሚቀንስ ማሳየቱን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ለማን ይዘጋ፣ ለማን ይቆይ የሚለው የሐኪም ውሳኔ ነው። ጥያቄው ግን መነሣት ነበረበት።

በጸሎታችን «ልብ ያሰበውን ኩላሊት ያመላለሰውን» እያልን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ እንጠራቸዋለን። በትምህርት ቤት በተለያየ ምዕራፍ አስተምራቸዋለሁ። በሕክምና ቤትም ካርዳቸው በተለያየ ክፍል ነው የሚወጣው። ወንድሜ የወደቀው በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው ኮሪደር ነው እላለሁ።

ያን ቅዳሜ ልንገራችሁ። በእኛ ሰፈር ውኃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ወንድም ጋሼ ንጋት ላይ ከምድር ቤት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይዞ ደረጃውን ወጣ። ሁለተኛውን ሲያመጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቱ ስትወርድ ግንባሩ ላብ አጥምቆታል፣ እምብርቱና ደረቱ መካከል ያለውን ቦታ በመዳፉ ይዞታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። «ደረቴን ወጋኝ» አላለም። «ጨጓራዬ ተነሣ» ነው ያለው። ከጎረቤት አንዷ «ብርድ ነው የመታው፣ በላቡ ላይ ነፋስ ገብቶበት ነው» አለች፤ ሌላዋ ዝንጅብል አፈላች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በአቅራቢያችን ወደሚገኝ ክሊኒክ ወሰድነው።

የክሊኒኩን ስም አልጽፍም፤ ይህ ደብዳቤ አንድን ቤት ለመክሰስ የተጻፈ አይደለም። እዚያ የነበረው ወጣት ባለሙያ ትሑት ልጅ ነበር፤ ወንድሜን ደግፎ ነው አልጋ ላይ ያወጣው። «ኩላሊት የተተከለለት ነው» አልኩት። ወዲያው ወንድሜን በጎኑ አስተኝቶ ወገቡን በጡጫው ቀስ አድርጎ መታ፣ «እዚህ ያምሃል?» አለው። አያመኝም አለ። እንዴት ያመዋል? የእኔ ኩላሊት ወገቡ ላይ አልነበረችም። የተተከለ ኩላሊት የሚቀመጠው ከሆድ ግርጌ በጎን በኩል ነው፤ የወንድሜ በስተቀኝ፣ ከጭኑ ማጠፊያ ከፍ ብላ፣ ከላይ ሲዳስሷት የምትታወቅ። የሽንት ምርመራ አዘዘ፤ ንጹሕ ሆነ። «ኩላሊቱ ደህና ነው» አለን፤ ሁላችንም እፎይ አልን። ለጨጓራው ኦሜፕራዞል፣ ለሕመሙ ዲክሎፌናክ መርፌ ሰጠው። የደም ግፊቱ 168/102 ነበር፤ «ከሕመሙ የተነሣ ነው» ተባለ። ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ፣ የሚያነሣ መሣሪያ በሚቀጥለው ክፍል በጨርቅ ተሸፍኖ ቆሞ ነበር። ስንወጣ አይቼዋለሁ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አፌን አልከፈትኩም፤ ኩላሊቷ ደህና ናት ከተባለ በኋላ ሌላ የምጠይቀው ያለ አልመሰለኝም።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከንፈሩ ጠቆረ። በጎረቤት መኪና ይዘነው ወደ መሀል ከተማ ሆስፒታል ወረድን። ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ በደቂቃዎች ውስጥ ኢሲጂ ተነሣ፤ ሐኪሟ ወረቀቱን እያየች «ይህ ከጠዋት ጀምሮ ነው» አለች። ስኳሩ 268 ነበር። ስኳር እንዳለበት ማናችንም አናውቅም ነበር። የተዘጋ የልብ ደም ሥር የሚከፈተው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ እያንዳንዱ ሰዓት ሲያልፍ የልብ ጡንቻ ይሞታል፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ደግሞ ጥቅሙ እጅግ ያነሰ ነው። እኛ ከንጋት ጀምሮ ያሉትን ሰዓታት «ጨጓራ» እያልን ጨርሰናቸዋል። ሰኞ ሌሊት ዐረፈ።

ከዚያ ወዲህ ጠይቄ የተረዳሁት ይህ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ልቡ ሲታመም ደረቱን ላይወጋው ይችላል፤ ነርቮቹ ደንዝዘዋል። የሚመጣው ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የጨጓራ መምሰል፣ ድንገተኛ ድካም ነው። ኩላሊት የተተከለለት ሰው እንዲህ ብሎ በራችሁን ሲያንኳኳ፣ ጤና ጣቢያም ይሁን ክሊኒክ፣ ሽንቱን ከመመርመራችሁ በፊት ኢሲጂ አንሡለት። መሣሪያው ከሌላችሁ ምንም ሳታቆዩ ወዳለበት ላኩት። ይህ ነው የመጀመሪያ ልመናዬ፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው፣ ግን በየቀኑ የሚሠራ። ንቅለ ተከላ በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀመረ፤ እንደ እኛ ውጭ አገር ሄደው የተመለሱም አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት ሆስፒታል ውስጥ አይደለም። የሚኖሩት በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በጀሞ ነው፤ ቤት ኪራይ በሚቀመስበት፣ መንገዱ ገና በሚሠራበት የከተማ ዳር። ወደ ሐኪማቸው የሚሄዱት በሁለትና በሦስት ወር አንዴ ነው፣ በሁለት ታክሲ ተጉዘው። በመሃል ያሉት ቀናት የእናንተ ናቸው። ለደም ግፊትና ለስኳር ሕመምተኞች የምትከፍቱት የክትትል መዝገብ አላችሁ፤ ኩላሊት የተተከለላቸውን ሰዎች እዚያ መዝገብ ላይ ጻፉልን። በየሁለት ሳምንቱ ሰው አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ካረፈ በኋላ ግፊቱን ለኩና ቁጥሩን በእጁ ስጡት። ለተተከለላቸው አዋቂዎች ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ የሚመክረው ከ130/80 በታች ነው። የወንድሜን 152/96 ያየ ባለሙያ አንድ እንኳ «ይህ ለአንተ ብዙ ነው» ቢለው ኖሮ መለኪያው እስኪጠገን አንጠብቅም ነበር። ስኳሩንም እንዲሁ፦ መመሪያው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በየሳምንቱ፣ እስከ ዓመቱ በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይላል። አንዲት የጣት ጠብታ ደም ናት።

ስለ ኮሌስትሮል መድኃኒትም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የወጣ ጥናት ነበር፤ ኩላሊት የተተከለላቸው 2102 ሰዎች ግማሾቹ ፍሉቫስታቲን የተባለ የስታቲን ወገን የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን ወስደው ለአምስት ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። ጥናቱ ዋና ብሎ በያዘው፣ የተለያዩ የልብ ችግሮችን በአንድ ላይ በደመረው ውጤት ላይ ያየው ልዩነት አሳማኝ አልነበረም፤ በልብ ምክንያት መሞትና የልብ ጡንቻ መሞት ግን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። ከዚያ በኋላ የወጡ መመሪያዎች ለተተከለላቸው አዋቂዎች የስታቲን መድኃኒት ይመክራሉ። ወንድም ጋሼ ኮሌስትሮሉ በአራት ዓመት ውስጥ የተለካው አንድ ጊዜ ነው። ታዲያ ዝም ብላችሁ ከመድኃኒት ቤት ግዙ ማለቴ አይደለም፤ ሳይክሎስፖሪን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲን ቢጨምር ጡንቻው እስኪቀልጥ ሊጎዳ ይችላል። ሐኪማችሁን ጠይቁ ነው የምለው። «የኮሌስትሮል መድኃኒት ያስፈልገኛል ወይ?» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ።

ይህ ወደ እናንተ ያመጣኛል፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች። በሰፈራችን ሰው ከሐኪም በፊት የሚያየው እናንተን ነው፤ እናንተ ደግሞ በትዕግሥት ታስረዳላችሁ፣ አመሰግናለሁ። ኩላሊት ተተክሎልኛል የሚል ሰው ሲመጣ እጃችሁ ወደ መደርደሪያው ከመሄዱ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሩ፦ «ምን ምን ትወስዳለህ?» ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለሁላችንም የወገብ ሕመም የታወቁ ናቸው፤ የተተከለን ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የልብ አደጋንም ይጨምራሉ። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚታዘዘው ክላሪትሮማይሲን ታክሮሊመስን በደም ውስጥ ያከማቸዋል፤ ሲበዛ ኩላሊቱን ይመርዛል፣ ግፊቱን ያንረዋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ታክሮሊመስን አጥቦ ያወጣዋል፤ ያኔ ሰውነት ኩላሊቱን መግፋት ይጀምራል። ሳንባ ነቀርሳም ጨጓራም በየቤቱ ባለበት ከተማ ይህ ተራ ነገር አይደለም። አንድ ስልክ ለተካዩ ሐኪም መደወል ብዙ ያድናል፤ የሐኪሙ ስልክ በሽተኛው ኪስ ውስጥ ያለ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ ደግሞ እኛ ቤተሰቦች ኃላፊነቱን እንውሰድ።

ወገኖቼ፣ የተተከለላችሁ፤ የእናንተን ሰዓት አውቀዋለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ ሁለት ሰዓት፣ አንድም ቀን ሳይዛነፍ። ወንድም ጋሼ በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ ወይ ብሎ የንስሐ አባታችንን ጠይቆ ነበር፤ «መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ፣ በዚህ ጾም አይፈርስም» አሉት። ለኩላሊታችሁ የምታደርጉትን ጥንቃቄ ሩቡን ለልባችሁ አድርጉ። የግፊት መለኪያ ከተቀደደ የዚያኑ ዕለት ሌላ ግዙ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሲጋራ የምታጨሱ፣ ጫት የምትቅሙ ካላችሁ ልባችሁና ደም ሥሮቻችሁ ሌላው ሰው የሚችለውን አይችሉም። በእግር ሂዱ፤ ከአባዶ እስከ አያት ያለው መንገድ ለዚህ መልካም ነው፣ ሐኪማችሁ ከፈቀደላችሁ። ጄሪካኑን ግን ለጎረማሳ ስጡ። «አማረብህ፣ ወፈርክ» የሚላችሁን ሰው አመስግኑትና ሚዛን ላይ ውጡ።

ኩላሊት የሰጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እናንተም በአንድ ኩላሊት ነው የምትኖሩት፤ በዓመት አንዴ ግፊታችሁን፣ ሽንታችሁንና ክሬቲኒናችሁን አስመርምሩ። እኔ ወንድሜ እስኪሞት ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተመረመርኩት። አሁን ግፊቴ 124/78 ነው።

የወንድም ጋሼን ደብተር ፎቶ ኮፒ አድርጌያለሁ። ስሙን በነጭ ቀለም ሸፍኜዋለሁ፤ ቁጥሮቹ እንዳሉ ናቸው። በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ እሱ ባሰመረው ልክ አዲስ ገጽ አስመርኩ፤ ከክሬቲኒኑና ከግፊቱ ጎን ለስኳር፣ ለኮሌስትሮልና ለኢሲጂ ቀን ዐምድ ጨመርኩበት። አንድ ቅጂ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ለሚያገለግሉት ሲስተር ሰጥቻለሁ፤ ተቀብለውኛል፣ ከግድግዳቸው ላይ ለጥፈውታል። ሌሎቻችሁም የምትፈልጉ ካላችሁ ላኩብኝ፤ ማባዣው በእኔ ነው።

አክባሪያችሁ፣
ኩላሊት የሰጠች እህት
ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር